የሦስት ሺህ ዓመቱ ቀሚስ፦ የአንድ ፊልም ዘፈን በሰምና ወርቅ

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም በ1974 እ.ኤ.አ. ሲቀርጹ የዘውዱ ሥርዓት እየፈረሰ፣ ወታደራዊው መንግሥት ገና እየተደላደለ ነበር። በጥቁርና ነጭ የተሠራው ይህ ፊልም ለባላባት የሚያርስ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን የዕለት ኑሮ በዝግታ ያሳያል። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ሥራን፣ ዝምታንና ዘፈንን ነው። ከእነዚህም አንዱ ዘፈን ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንኳ ከጆሮ አይጠፋም።

የፊልሙ ሙዚቃ የአቶ ተስፋዬ ለማ ሥራ ነው። አቶ ተስፋዬ የባህል መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው የ«ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» መሪ ነበሩ። ቡድኑን በ1963 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ ናቸው። ክራርን፣ መሲንቆን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድነት ማጫወት ዛሬ የተለመደ ቢመስልም ያን ጊዜ ከባድ ጥያቄ ያስነሳ ነበር። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ መሲንቆም የሚከተለው የአዝማሪውን ጉሮሮ ነው። ብዙዎች አብረው ሲጫወቱ ግን እያንዳንዱ የራሱን ልክ ለጋራው መተው ይኖርበታል። አቶ ተስፋዬ ወደ ፊልሙ የመጡት ይህን የመንደርና የመድረክ ልዩነት በተግባር ካወቁ በኋላ ነው።

በዘፈኑ ማዕከል ያለው ምስል ሦስት ሺህ ዓመት የኖረ፣ እየተጣፈ የሚለበስ ቀሚስ ነው። ሰሙ ግልጽ ነው፤ ያረጀ ልብስና ለባሿ። ወርቁ ሥርዓቱ ነው። የምስሉ ጥንካሬ ግን በቁጥሩ ላይ ያረፈ ይመስላል። ሦስት ሺህ ዓመት የአርሶ አደር ቁጥር አይደለም፤ ከቤተ መንግሥት የወጣ ቁጥር ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን የዘር ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይመዝዛል። ዘፈኑ ይህንኑ መመኪያ ሳይክድ ይቀበልና በልብስ ዕድሜ ይለካዋል። ለዙፋን ክብር የሆነው ጥንታዊነት ለቀሚስ ሲሆን ድህነት ነው። በቅኔ ቋንቋ ኅብሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ቃል ለሁለቱም ያገለግላልና።

ይህን ንባብ የዲማ ጊዮርጊስና የዋሸራ የቅኔ ጉባኤያት ባሉበት በጎጃም ማንሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላ በኩል ፊልሙ የሚያሳየው የባላባትና የጭሰኛ ግንኙነት ይበልጥ የተስፋፋው በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ነበር፤ የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ርስተኛ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ያመፀውም አዲሱ ግብር ርስቱን ያሳጣኛል ብሎ በመስጋቱ ነበር። እንግዲህ ዘፈኑ ስለ ጭሰኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጎጃም ርስተኛ የሩቅ ወሬ በሆነ ነበር። ቀሚሱ ግን የሁለቱም ነው፤ ርስቱን የሚጠብቀውም ሆነ መሬት አልባው የሚኖሩት በዚያው ጥፍጥፍ ሥር ነውና።

ፊልሙ በ1976 እ.ኤ.አ. በካን ሲታይ የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ባላባትነትን ሽሮ ነበር። ዘፈኑ ግን ጊዜው አላለፈበትም፤ የሚጠይቀው ስለ ባለቤቱ ማንነት ሳይሆን ስለ ልብሱ ነውና።

ፊልሙ በ2006 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ቦሎኛ ታድሷል፤ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቅጂዎችም በ2007 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛ ዲስክ ሆነው ወጥተዋል። ዘፈኑን ለጎጃም የቅኔ መምህራን አሰምቶ ኅብሩን የት ላይ እንደሚያገኙት መጠየቅ አንድ የመመረቂያ ጥናት የሚበቃው ሥራ ነው።