«ድኖ ነበር» የተባለው ልጅ

«ልጁ ድኖ ነበር፤ የገደለው ኬሞው ነው።» ኬሞ ስለሚባለው የካንሰር መድኃኒት የሚወራው ይህ ወሬ በየለቅሶ ቤቱ ይነገራል፤ አሁን ደግሞ በስልክ ይዞራል። የደም ካንሰር የያዘውን ልጃቸውን እያሳከሙ ይህን ሰምተው ቀጠሮ የሚያቋርጡ ወላጆች ስላሉ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

የካንሰርን ምንነት ከሥሩ አልተርክም። ልጆችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ነው፤ ከአጥንት መቅኒ ይነሣል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም የእናት ጥፋትም አያመጣውም። ስሕተቱ ያለው «ድኖ ነበር» በሚለው ቃል ላይ ነው።

በሽታው ሲታወቅ በልጁ ሰውነት ውስጥ እስከ 1 ትሪሊዮን የሚደርሱ የካንሰር ሕዋሳት ይኖራሉ። የመጀመሪያው ወር ሕክምና ሲሠራለት ልጁ መብላት ይጀምራል፣ ፊቱ ይመለሳል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይሯሯጣል። መቅኒው በማይክሮስኮፕ ሲታይም የካንሰር ሕዋሳቱ ከ100 ከ5 ያነሱ ይሆናሉ። እስቲ እናስላው፦ ከ1 ትሪሊዮን 99 በመቶው ቢሞት የሚተርፈው 10 ቢሊዮን ነው። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚቆጥረው ጥቂት መቶ ሕዋሳትን ስለሆነ ከሺህ አንዱን ላያገኘው ይችላል። አረሙ ላዩን ታጨደ እንጂ ሥሩ አልተነቀለም።

ከተረፉት ውስጥ ሳይከፋፈሉ አድፍጠው የሚቆዩ አሉ። ልጁ በየማታው የሚውጠው መርካፕቶፑሪን የተባለው መድኃኒት ደግሞ የሚሠራው ሕዋሱ ሊከፋፈል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ነው፤ የዲኤንኤውን ጡብ መስሎ ይገባና ግልባጩን ያበላሽበታል። ያደፈጠ ሕዋስ አይገለብጥም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ አይነካውም። ከሳምንት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ሲነሣ ግን መድኃኒቱ በቦታው ሊጠብቀው ይገባል። ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚወስደው ለዚህ ነው። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች፣ ከታዘዘላቸው መርካፕቶፑሪን ከ95 በመቶ በታች በወሰዱ ልጆች ላይ በሽታው የማገርሸት አደጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህም በወር ሁለት ማታ መዝለል ማለት ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ፋርበር ቦስተን ውስጥ በአንድ መድኃኒት ያከማቸው ልጆች ተሽሏቸው ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን በሽታው ተመለሰባቸው። ከ1962 ጀምሮ ሌላው ሐኪም ዶናልድ ፒንክል በሜምፊስ ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ ሕክምናውን አራዘመው፤ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ግማሽ ያህሉ ልጆች መዳን ጀመሩ።

ኬሞ አደጋ የለውም አላልኩም። ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያሳንስ ተራ ኢንፌክሽን ልጁን በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ክኒን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ከተሰጠ ይገድላል።

እኔ በምሠራበት በጤና ትምህርት ዘርፍ «ወላጆች ስላልገባቸው ነው የሚያቋርጡት» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ግን ያከራክራል። የጤና ግንዛቤን ለመለካት የተዘጋጁ ብዙ ፈተናዎች የሚለኩት ማንበብን ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት የመድኃኒቱን ሰዓት ከምሩቁ አባት በተሻለ ልትጠብቅ ትችላለች። ግንዛቤና ውጤት አብረው መታየታቸውም አንዱ ሌላውን እንደሚያመጣ አያረጋግጥም። ከሩቅ ገጠር ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚመላለስ ቤተሰብ የአውቶቡስ ገንዘብ፣ የማደሪያ ቦታና ቤት የቀሩት ልጆች ጉዳይ ሊያስቀረው ይችላል። ሁሉንም በማስተማር ብቻ እንፈታዋለን ማለት ወላጁን መበደል ነው።

ይህም ሆኖ የማስረዳት ዕዳው የእኛ የጤና ባለሙያዎች ነው። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ እናቲቱ ቤት ስትደርስ ምን እንደምታደርግ በራሷ አፍ እንድትነግረን መጠየቅ አለብን። የተሳሳተችው ካለ ደግመን እናስረዳ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ሲሯሯጥ ብታዩ እንኳ «ይህ ሕክምና የሚያበቃው መቼ ነው?» ብላችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁና መልሱን ሳታገኙ መድኃኒቱን አታቋርጡ።