ከበሮው አማልክትን የሚጠራበት ምድር፦ የኡታራካንድ ተራሮች የሕዝብ ሙዚቃ

ኡታራካንድ በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ተራሮች ላይ የተቀመጠ ክልል ነው። በሰሜን ከቲቤት፣ በምሥራቅ ከኔፓል ይዋሰናል። 7,816 ሜትር ከፍታ ያለው የናንዳ ዴቪ ተራራ የሚገኘው እዚህ ነው፤ የጋንጅስና የያሙና ወንዞችም ከዚሁ ክልል ይመነጫሉ። ኡታራካንድ ከኡታር ፕራዴሽ ተለይቶ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 ቢሆንም፣ በውስጡ ያሉት ሁለት አገሮች፣ በምዕራብ ጋርዋል፣ በምሥራቅ ኩማኦን፣ የየራሳቸው ቋንቋና የየራሳቸው ነገሥታት የነበሯቸው ጥንታውያን ናቸው። ሁለቱን ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች አንዱ ሙዚቃ በኑሯቸው ውስጥ የያዘው ቦታ ነው። በእነዚህ ተራሮች ዘፈን የሚዘፈነው ለመዝናናት ብቻ አይደለም። አምላክ ይጠራበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ሩዝ ይተከልበታል፣ ናፍቆት ይወጣበታል። እያንዳንዱ ዜማ የራሱ ወር፣ የራሱ ቦታና የራሱ ባለሙያ አለው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አውራዎቹ ዶልና ዳማው የሚባሉት ጥንድ ከበሮዎች ናቸው። ዶል ከመዳብ ወይም ከነሐስ የሚሠራ፣ ግራና ቀኙ ቆዳ የለበሰ፣ ከትከሻ የሚንጠለጠል ትልቅ ከበሮ ነው፤ መቺው አንዱን ፊት በበትር፣ ሌላውን በባዶ እጁ ይመታዋል። ዳማው ደግሞ በሁለት ቀጫጭን በትሮች የሚመታ አነስተኛ ነጋሪት ነው። ዶል ይመራል፣ ዳማው ይከተላል፤ ተነጣጥለው አይወጡም። የሠርግ አጃቢዎች ከቤት ሲነሡ፣ ዳገት ሲወጡ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ፣ የሙሽራዋ መንደር ሲደርሱ የሚመታው ምት ይለያያል። በመሆኑም ከሸለቆው ማዶ ያለ ሰው ሰልፉን ባያየውም የት እንደደረሰ በጆሮው ያውቃል። ይህ የምት ጥበብ «ዶል ሳጋር» በሚባለው ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ትምህርቱ በአምላኩ በሺቫና በሚስቱ በፓርቫቲ መካከል በሚደረግ ጥያቄና መልስ የቀረበ ነው።

ሁርካ ወገቡ የቀጠነ ትንሽ ከበሮ ነው። ከትከሻ የወረደው ማንገቻ የከበሮውን ገመዶች ሲያጠብቃቸው ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያላላቸው ይወፍራል። ራንሲንጋ የተባለው ቆልማማ መለከት ለበዓልና ለሰልፍ ይነፋል። ማሻክቢን የተባለው የከረጢት ዋሽንት ግን መጤ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በጦሩ ውስጥ ያገለገሉ የተራራው ልጆች ከስኮትላንድ የመጣውን መሣሪያ ተምረው ወደ መንደራቸው አስገቡት። ዛሬ በኩማኦን ሠርግ ላይ ሰይፍና ጋሻ ይዘው የሚጨፍሩትን የቾሊያ ጨፋሪዎች ከዶልና ከዳማው ጋር ሆኖ ያጅባል።

ከሥርዓቶቹ ሁሉ ጥልቁ ጃጋር ነው። ጃጋር አምላክን ወይም የሟችን መንፈስ ቀስቅሶ ሰዎች ወዳሉበት የመጥራት ሥርዓት ሲሆን፣ ቤተሰብ በሕመም፣ በጠብ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ መከራ ሲጨነቅ ይደረጋል። በኩማኦን ጃጋሪያ የሚባለው ዘፋኝ በምሽት ሁርካውን ይዞ ይቀመጣል፤ አጠገቡም ረዳቱ የነሐስ ሳሕን ይመታል። ጃጋሪያው የአምላኩን ልደት፣ የደረሰበትን በደልና ያደረገውን ተአምር በዜማ ይተርካል። ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ ዳንጋሪያ የተባለው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይነሣል፣ ይጨፍራል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው አምላኩ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል፣ እሱም የመከራውን ምክንያትና መፍትሔውን ይነግራቸዋል። በኩማኦን በብዛት ከሚጠሩት አንዱ የፍትሕ አምላክ የሆነው ጎሉ ነው። በአልሞራ ከተማ አቅራቢያ በቺታይ ያለው መቅደሱ ምእመናን በሰቀሏቸው ደወሎችና በወረቀት ጽፈው ባንጠለጠሏቸው አቤቱታዎች የተሸፈነ ነው።

በጋርዋል መንደሮች ደግሞ በብርዱ ወራት የፓንዳቫ ጭፈራ ይደረጋል። የመንደሩ ሰዎች ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ትረካ ውስጥ ያሉትን፣ ፓንዳቫ የሚባሉትን አምስት ወንድማማቾች ሆነው ለበርካታ ቀናት በዶልና በዳማው ምት ይጨፍራሉ፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን የእነዚያ ጀግኖች ዘር አድርገው ይቆጥራሉ። በቻሞሊ አውራጃ በሳሉርና ዱንግራ መንደሮች በየዓመቱ በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ የሚከበረው ራማን የተባለው በዓል ራማያና የተባለውን ሌላ ጥንታዊ ትረካ፣ የጭምብል ጭፈራንና የጃጋር ዝማሬን ያጣመረ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ሴቶች የሚዘፍኑት ከዚህ የተለየ ሆድ የሚያባባ ነገር አለው። በተራራው ልማድ ልጃገረድ የምትዳረው ወደ ሌላ መንደር ነው፤ ሣር ማጨድ፣ እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት በአዲሱ ቤት ይጠብቋታል። ቻይት በተባለው ወር፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ አበባው ሲፈካ የወላጆች ቤት ናፍቆት ይበረታል። በጋርዋል ኩደድ የሚባሉት ዘፈኖች የዚህ ናፍቆት ናቸው። በኩማኦን ደግሞ በዚሁ ወር ወንድም ስጦታ ይዞ ያገባች እህቱን ይጠይቃል፤ የእሱን መምጣት የሚጠብቁ ዘፈኖችም አሉ። ኒዮሊ የተባለው ዜማ ጫካ ውስጥ ይዘፈናል፤ ድምፁ ተስቦ ተስቦ ከገደል ወደ ገደል ይሻገራል።

ይህ ስሜት እስከ አማልክቱ ይደርሳል። በተራራው ስም የምትጠራው አምላክ ናንዳ ዴቪ በሕዝቡ ዘንድ እንደ ተዳረች ልጅ ትታያለች፤ የባሏ የሺቫ ቤት በበረዶው ተራራ ላይ ነው። በተለምዶ በየ12 ዓመቱ በሚደረገውና መንገዱ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ታላቅ ጉዞ ሕዝቡ ልጁን ወደ ባሏ ቤት ይሸኛል። አራት ቀንድ ያለው በግ ስጦታዋን ተሸክሞ ፊት ፊት ይሄዳል። ሴቶቹ የሚዘፍኑላት የራሳቸውን ሽኝት እያስታወሱ ነውና እንባቸው የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው ጉዞ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተከትሏታል።

እርሻም የራሱ ዜማ አለው። በኩማኦን የሩዝ ችግኝ ሲተከል የሁርካ መቺው ጭቃው ውስጥ ቆሞ መጀመሪያ የምድሩን አማልክት ይለምናል፣ ከዚያም የጀግኖችን ታሪክ ይዘፍናል። ሴቶቹ እየተቀበሉት በምቱ ልክ ይተክላሉ። ረጃጅም ትረካዎች የሚዜሙትም እንዲህ ባለ አጋጣሚና በረጅም ሌሊት ነው። ከታወቁት አንዱ የራጁላና የማሉሻሂ ታሪክ ነው፦ ራጁላ ከቲቤት ጋር የሚነግድ ባለጠጋ ልጅ፣ ማሉሻሂ የካትዩሪ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ፤ ፍቅራቸውም በአባት እንቢታና በአስማት የተፈተነ። በጋርዋል የጂቱ ባግድዋል ትረካ ይወደዳል። ጂቱ እህቱን ሊያመጣ ሲሄድ በጫካ ዋሽንት ይነፋል፤ የተራራው ሴት መናፍስት በዜማው ተማርከው ሊወስዱት ይመጣሉ። እስከ ተከላው ቀን እንዲያቆዩት ይለምናል፤ ቀኑ ሲደርስ ከነበሬዎቹ ከማሳው ይሰወራል።

ይህን ሁሉ ሀብት ተሸክመው ያቆዩት ሰዎች ግን የሚገባቸውን ክብር አላገኙም። ዶል መቺዎቹና ተዘዋዋሪ ዘፋኞቹ ሰውን በትውልዱ ደረጃ በሚመድበው የካስት ሥርዓት ከታች ከተመደቡት ወገኖች የመጡ ናቸው። ክፍያቸው በመከር ጊዜ የሚሰፈርላቸው እህል ነበር። አምላኩ የሚነቃው በእነሱ ከበሮ ሆኖ ሳለ መቅደሱ ውስጥ እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። የሕንድ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን መድልዎ ቢሽርም፣ ንቀቱ በመንደሮች ውስጥ ረጅም ዕድሜ ኖሯል። ብዙ የዶል መቺ ልጆች የአባታቸውን ሙያ የተዉት ከንቀቱ ለመሸሽ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሙዚቃው ወደ መድረክ ወጣ። ሞሃን ኡፕሬቲ ከብሪጄንድራ ላል ሻህ ጋር የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1952 የተሰማው «ቤዱ ፓኮ» የተባለ ዘፈን የኩማኦን መታወቂያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንደርተኞች ዛፍ እያቀፉ ደናቸውን ባዳኑበት የቺፕኮ ንቅናቄ የአካባቢው ገጣሚዎች ዘፈን ሕዝቡን አነሣሥቷል። የካሴት ዘመን ሲመጣ የኩማኦኑ ጎፓል ባቡ ጎስዋሚና የጋርዋሉ ናሬንድራ ሲንግ ኔጊ በየቤቱ ተሰሙ። ኔጊ የቴህሪ ግድብ ስለዋጣት ከተማ አዚሟል፤ ባለሥልጣናትንም በዘፈን ነቅፏል። ከዚያም በኋላ የጃጋር ሙያ አገራዊ ክብር አግኝቷል፦ ወንዶች በያዙት መድረክ የጃጋር ዘፋኝ ሆና የወጣችው ባሳንቲ ቢሽት እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፕሪታም ባርትዋን በ2019 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ሽልማት ተቀብለዋል።

ዛሬ ትልቁ ፈተና ስደት ነው። የክልሉ የፍልሰት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ2011 ወዲህ 734 መንደሮች ሰው አልባ ሆነዋል። ተከላ በሌለበት የተከላ ዘፈን፣ መንደር በሌለበት የመንደር አምላክ ጥሪ አይኖርም። ቀረጻና ሽልማት ዜማውን ከመረሳት ያድኑታል፤ ሕያው ሆኖ የሚቀጥለው ግን ተራራው ላይ መኖር ሲቻልና ከበሮ መቺው በሙያው ተከብሮ ልጆቹን ማሳደግ ሲችል ነው።