በስሜት ማዕበል የሚናወጡ ወገኖቻችንና ሕክምናቸው

ዛሬ የምንነጋገረው በአንዳንድ ቤት ውስጥ ሥቃዩ እየታየ ስሙ ስለማይታወቅ ሕመም ነው።

ጠዋት «ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም» ያለች ልጅ፣ እህቷ ስልክ ሳታነሳ ስለዘገየች ብቻ ማታ «ጠላሽኝ» ብላ በሯን ትዘጋለች። ገላዋን እስከ መጉዳት ትደርሳለች። ወዲያው ደግሞ ትጸጸታለች። ቤተሰቡም «ኢማኗ ደካማ ነው»፣ «ጂን ነው»፣ «እንዲታይላት ብላ ነው» ይላል። ይህን የመሰለው ሁኔታ ለዓመታት ሲዘልቅ፣ ጥልቅ የባዶነት ስሜትና የመጣል ፍርሃት ሲታከልበት፣ ሐኪሞች መርምረው «ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር» ሊሉት ይችላሉ። ይህ ሕመም እንጂ ክፋት አይደለም።

አላህ ፈውስ ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። የዚህ ሕመም ዋናው ሕክምና ክኒን ሳይሆን በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። መድኃኒት በአብዛኛው የሚታዘዘው እንደ ድብርት ላሉ አብረው ለሚመጡ ችግሮች ነው።

በሰፊው ከተጠኑት የሕክምና ዘዴዎች አንዱን ያዘጋጁት አሜሪካዊቷ ምሁር ማርሻ ሊነሃን ናቸው። እኚህ ሴት በ17 ዓመታቸው የአእምሮ ሆስፒታል ገብተው ከሁለት ዓመት በላይ እንደቆዩ፣ ራሳቸውንም ይጎዱ እንደነበር በ2011 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግረዋል። ሕክምናውን ሲጀምሩ ሕሙማኑን «ተለወጡ» ብቻ ሲሏቸው እንደተወቀሱ ተሰማቸው፤ «እንረዳችኋለን» ብቻ ሲሏቸው ደግሞ ሥቃያቸው ባለበት ቀረ። ስለዚህ ሁለቱን አጣመሯቸው። ታካሚዋ በየሳምንቱ ከባለሙያዋ ጋር ለብቻዋ ትነጋገራለች፤ በቡድን ደግሞ ስሜትን መግራት፣ ጭንቅን መቻልና ከሰው ጋር መግባባት ትማራለች። ሲጨንቃትም ባለሙያዋ ጋ ትደውላለች። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው ራስን የመጉዳት ድርጊት እንደቀነሰ አሳይቷል። ሕክምናው ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይጠይቃል፤ ሆኖም ብዙዎች ይሻላቸዋል።

እኛስ በቤታችን ምን እናድርግ? «ይህ ምን ያስለቅሳል?» ከማለት «ብቻሽን የቀረሽ መስሎሽ ፈርተሻል፤ አለንልሽ» እንበል። ስሜቷን ተረዳን ማለት ያደረገችውን ሁሉ አጸደቅን ማለት አይደለም። እኛም ስንቆጣ፣ ቆመን ከሆነ እንድንቀመጥ የታዘዝነውን አንርሳ። «እሞታለሁ» ስትል ግን ማስፈራሪያ ነው ብለን አንናቀው፤ ብቻዋን ሳንተዋት ወደ ሐኪም እንውሰዳት። ዱዓና ቁርኣን መቅራት ልብን ያጽናናሉ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም ሰበቡን ማድረስ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብሩን ይስጥልን።