ይዘቱ በማን እጅ ነው? የሄድለስ ሲኤምኤስ ዳሰሳ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

2017 ዓ.ም. ለድረ ገጽ ሰዎች ፋታ ያልሰጠ ዓመት ነበር። ገና መስከረም ላይ ከዎርድፕረስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ማት ሙለንዌግ ደብሊውፒ ኤንጅን ከተባለው የሆስቲንግ ኩባንያ ጋር በአደባባይ ተጣላ፤ ጠቡ ወሩ ሳያልቅ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደረሰ። ታኅሣሥ 27 ቀን የድሩፓል 7 ይፋዊ የደኅንነት ጥገና ተቋረጠ። ሰኔ ላይ ደግሞ የዲዛይን መሣሪያ አምራቹ ፊግማ፣ ፔይሎድ የተባለውን ሄድለስ ሲኤምኤስ (የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት) ገዛ። እነዚህ ዜናዎች ለደሴና ለኮምቦልቻ የሩቅ አገር ወሬ አይደሉም። በርካታ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት የኖሩት በድሩፓልና በዎርድፕረስ ላይ ነው። ያረጀውን ድረ ገጽ የሚያድስ ሁሉ «አሁን ወደ ምን እንሻገር?» ማለቱ አይቀርም። በወጣት ዴቨሎፐሮች ዘንድ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ሄድለስ» የሚል ነው። መልሱ ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ? ይህ ዳሰሳ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

የሄድለስ አመጣጥ ባጭሩ ይህ ነው። ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ዎርድፕረስ በ2003፣ ጁምላ በ2005 ሲወጡ ጽሑፉንና ጽሑፉ የሚታይበትን ገጽ አንድ ላይ አስረው ነበር። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ያው ጽሑፍ ለድረ ገጹም፣ ለአፑም፣ ለሌላውም ማሳያ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ይዘቱን ብቻ ይዞ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት መንገድ) የሚያቀብል፣ የገጹን መልክ ለፍሮንትኤንዱ (ለተጠቃሚው ለሚታየው ክፍል) የሚተው «ሄድለስ» የተባለ ሥርዓት መጣ። በርሊን ላይ የተመሠረተው ኮንቴንትፉል፣ የፈረንሳይ ተማሪዎች የጀመሩት ስትራፒ፣ የኖርዌዩ ሳኒቲ፣ የኦስትሪያው ስቶሪብሎክ፣ እንዲሁም ዳይሬክተስና ፔይሎድ ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። ዎርድፕረስ ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በወጣው 4.7 ስሪቱ የይዘት ኤፒአዩን ስላሟላ፣ ከፈለጉ እርሱንም በሄድለስ መንገድ ማሠራት ይቻላል።

ለእኛ አካባቢ ተጠቃሚ ዋናው ልዩነት የባህርይ ሳይሆን የክፍያ ነው። ኮንቴንትፉል፣ ሳኒቲና ስቶሪብሎክ በኪራይ የሚሠሩ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ ናቸው። ነጻው እርከን ለሙከራ ይበቃል፤ ሥራው ሲሰፋ ግን የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱን ማግኘት ደግሞ ለአንድ የግል ዴቨሎፐር ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ሆስቲንግ የሚከፍል ሁሉ ሒሳቡን ዳግም መሥራት ግድ ሆነበት። በዚህ ምክንያት ኮዳቸው ለሁሉም የሚታየውና በራስ ሰርቨር የሚጫኑት ስትራፒ፣ ዳይሬክተስና ፔይሎድ ይመረጣሉ። ይዘቱን በጊት ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጡት እንደ ዴካፕ ያሉትም አሉ፤ ለዴቨሎፐር የግል ብሎግ ያገለግላሉ፣ ለመሥሪያ ቤት ግን አልመክራቸውም።

ዴቨሎፐሩ ሄድለስን የሚወድበት በቂ ምክንያት አለው። «ዜና»፣ «ጨረታ»፣ «የሠራተኛ ቅጥር» እያለ የይዘት ዓይነቶቹን ከነመስኮቻቸው ሲያዘጋጅ ኤፒአዩ ወዲያው ይገኛል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም በሌላ ተቋም ጃቫስክሪፕት የተማረ ወጣት ፒኤችፒ ሳይነካ በሪአክት ገጹን መሥራት ይችላል። አንድ ጊዜ የገባው ማስታወቂያ ድረ ገጹ ላይ ይወጣል፣ በቴሌግራም ቦት ይላካል፣ በአንድሮይድ አፕ ይነበባል። ገጾቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ቀላል ኤችቲኤምኤል አድርጎ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ወረዳ በርካሽ ስልክ ለሚከፍት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአስተዳዳሪው መግቢያ ከሕዝቡ ገጽ ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ ያረጁ ፕለጊኖችን ቀዳዳ እየፈለገ የሚገባ አጥቂም እድሉ ይጠብበታል።

ቅሬታውም አለ። በርካሽ የሚገኘው ሆስቲንግ አብዛኛውን ጊዜ ለፒኤችፒና ለማይኤስኪውኤል የተዘጋጀ ነው። ስትራፒ ግን ኖድ ጄኤስ ይፈልጋል፤ መመሪያውም ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ስለዚህ የራስ ቪፒኤስ መከራየትና መጠበቅ ይመጣል። ከስሪት ወደ ስሪት መሸጋገሩም ያደክማል። የስትራፒ አራተኛ ስሪት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ አምስተኛው በመስከረም 2024 ሲወጡ የኤፒአዩ ምላሽ አቀማመጥ ሁለቱንም ጊዜ ተለውጧል፤ ፍሮንትኤንዱም አብሮ መታረም ነበረበት። ዴቨሎፐሩ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ከሄደ ይህን የሚያርም ሰው ከተማው ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የምቆምበት ክርክር ግን ሌላ ነው፤ ሥርዓቱ የተሠራው ለማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2020 ሙለንዌግ ይዘትንና ገጽን የሚለየውን፣ ጃምስታክ የሚባለውን አሠራር ለአብዛኛው ተጠቃሚ ወደ ኋላ መመለስ ነው ብሎ ተቸ። ስያሜውን ያወጣው የኔትሊፋይ መሥራች ማቲያስ ቢልማን ደግሞ የዎርድፕረስ ዘመን እያበቃ ነው ሲል መለሰ። ሁለቱም የሚሸጡት ነገር ስላላቸው ክርክሩን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። ቢሆንም ሙለንዌግ ያነሣው ጥያቄ መሠረታዊ ነው፤ ድረ ገጹ ውስጥ በየቀኑ የሚኖረው ኮድ የሚጽፈው ሳይሆን ጽሑፍ የሚያስገባው ሰው ነው።

የአንድ ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያን እናስብ። ዎርድፕረስ ላይ ሲጽፍ የሚያየው የገጹን ቅርጽ ነው፤ ፎቶው የት እንደሚወድቅ፣ ርዕሱ ስንት መስመር እንደሚይዝ ከመታተሙ በፊት ያውቃል። ሄድለስ ላይ የሚጠብቀው ቅጽ ነው፦ ርዕስ፣ የጨረታ ቁጥር፣ ዝርዝር፣ ተያያዥ ፋይል፣ መዝጊያ ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ «አትም» የሚል ቁልፍ። ጽሑፉ የት እንደሄደ አያይም። ገጾቹ አስቀድመው የሚዘጋጁ ከሆነ ሕትመቱ እስኪታደስ ደቂቃዎች ይፈጃሉ፤ እሱ ግን «አልሄደም» ብሎ ደጋግሞ ይጫናል፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ስቶሪብሎክ ገና ከጅምሩ ገጹን እያዩ መጻፍን መለያው አድርጎ የተነሣው፣ ሳኒቲም ተመሳሳይ መሣሪያ የሠራው፣ ስትራፒም በአምስተኛው ስሪቱ ቅድመ እይታን ያከለው ይህ ቅሬታ በዓለም ሁሉ ስለተሰማ ነው። ቅድመ እይታው ግን በራሱ አይሠራም፤ ዴቨሎፐሩ ከፍሮንትኤንዱ ጋር ማገናኘት አለበት። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። እኔ ቅድመ እይታ የሌለው ሄድለስ ድረ ገጽ እንዳለቀ አልቆጥረውም።

አማርኛ ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ጽሑፉ መቀመጡና መታየቱ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ቀጥሎ ያለው ነው። የስትራፒ የገጽ አድራሻ መስክ በነባሪ አሠራሩ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው፤ የአማርኛ ርዕስ ሲሰጠው ትርጉም ያለው አድራሻ አያወጣም። በአማርኛ እንዲቀር ከተደረገ ደግሞ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «ኮምቦልቻ» ብቻ 45 ምልክት ይወስዳል። ባለሙያው ርዕሱን በአማርኛ፣ አድራሻውን ለብቻ በላቲን እንዲጽፍ ማድረግ የተሻለው መፍትሔ ነው፤ ይህ ግን በሥልጠና መነገር አለበት።

ፍለጋም እንዲሁ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለችውን ከተማ አንዱ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ኃይቅ» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፖስትግሬስኪውኤልም ሆነ ኢላስቲክሰርች ለአማርኛ የተዘጋጀ የቃል ትንተና ይዘው አይመጡም። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ጽሑፉ ሲቀመጥ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ ሁለተኛ የተደበቀ መስክ መፍጠር፣ የተጠቃሚውንም ፍለጋ በዚያው ሕግ ማሳለፍ ነው። በሄድለስ ይህን መሥራት ከዎርድፕረስ ይቀላል፤ ስለ ሥርዓቱ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱም ይህ ነው።

ቀንና ሰዓት ግን ጥፋታቸው ገንዘብ ያስከፍላል። የጨረታ ማስታወቂያ «በ15ኛው ቀን ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት ታሽጎ በዚሁ ዕለት 4:30 ይከፈታል» ይላል። ባለሙያው በቅጹ ላይ 4:00 ብሎ ከሞላ፣ ሥርዓቱ የሚረዳው እኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምንለውን ነው፤ ጨረታው ከሰዓቱ 6 ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል፣ ተጫራቹም መብቱን ያጣል። መሞላት የነበረበት 10:00 ነው። ለማሳየት ችግር የለም፤ የዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜን ያውቁታል፣ ዴቨሎፐሩ እንዲጠቀሙበት ማዘዝ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ለመሙላት ግን በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ የቀንና የሰዓት መስክ ሊሠራ ይገባል። ሄድለስ ሥርዓቶች የራስን መስክ መጨመር ስለሚፈቅዱ ይህን የሚሠራ ሰው አገርን ይጠቅማል።

ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ዘርፍ የሚያስተምሩት ሌላም ነገር አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በህወሓት ኃይሎች ሲያዙና እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በዚያ ሁኔታ ሲቆዩ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች፣ የደሴ ሆስፒታልና ሌሎች ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክና ቴሌግራም በመላ አገሪቱ ለወራት ተገደቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለወራት ዘለቀ። ዜናውን ፌስቡክ ላይ ብቻ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት መዝገቡን በሰው እጅ ነው የሰጠው። ሰርቨሩን ግቢው ውስጥ ብቻ ያኖረም ግቢው ሲዘረፍ ከዕቃው ጋር መረጃውን ያጣል። ይዘትን ከገጹ ለይቶ ጥርት ባለ መዋቅር የሚያስቀምጥ ሥርዓት በቀላሉ ይገለበጣል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። ይህ የሄድለስ እውነተኛ ጥንካሬ ነው፤ ግን ባክአፑ በየጊዜው ተወስዶ ከከተማው ውጭ ካልተቀመጠ ጥንካሬው በወረቀት ይቀራል።

የሰው ኃይሉስ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ ሥራንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያስተምራል። መልካም ነው። ድረ ገጽን በሕይወት የሚያቆየው የይዘት ባለሙያ ግን የራሱ ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ለአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ብዙ ሊያደርግ ይችላል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። አንድ ድረ ገጽ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አነስተኛ በጀት ያለው ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም ጽሕፈት ቤት በዎርድፕረስ ይሥራ፤ ድረ ገጹ ካልታደሰና ካልተጠበቀ ግን ይጎዳል። ያንኑ ይዘት በድረ ገጽ፣ በቴሌግራምና በአፕ ለብዙ ሰው የሚያደርስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማ አስተዳደር ወይም የዜና ተቋም ወደ ሄድለስ ቢሄድ ይጠቀማል፤ ቢያንስ ሥርዓቱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ካሉትና ቅድመ እይታው ከተሠራለት። ውል የምትፈራረሙ ኃላፊዎች ሆይ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የራሳችሁ ባለሙያ ያለማንም እርዳታ አንድ የአማርኛ ጨረታ ከነመዝጊያ ሰዓቱ ያስገባ፣ ያርም፣ ይፈልግ፣ ባክአፑንም በሌላ ሰርቨር ላይ ይመልስ። ይህን ካልቻለ ሥራውን አትረከቡ።