ተጨማሪ መረጃ፦ ሳይፈርስ የታደሰው የኪራይ ሕንፃ

ሙቀት ከሞቀ ቦታ ወደ ቀዘቀዘ ቦታ እንደሚተላለፍ ተምራችኋል። ይህ እውቀት ያረጁ ሕንፃዎችን ለማደስ እንደሚጠቅምስ ታውቃላችሁ?

በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ፣ ግራን ፓርክ በተባለው ሰፈር፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ሦስት ሕንፃዎች አሉ። በውስጣቸው 530 የኪራይ ቤቶች ይገኛሉ። ቤቶቹ ጠባብ፣ መስኮቶቻቸውም ትንንሽ ነበሩ። አርክቴክቶቹ አን ላካቶን እና ዣን-ፊሊፕ ቫሳል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሕንፃዎቹን ሳያፈርሱ፣ በነባሩ ግድግዳ ፊት 3.8 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ተጨማሪ ቦታ ሠሩ። ከፊሉ ክፍት በረንዳ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ብርሃን በሚያሳልፉ ተንሸራታች መዝጊያዎች ይዘጋል።

የሚዘጋው ክፍል እንደ ሙቀት ማገጃ ያገለግላል። የሙቀት ማገጃ የሚባለው የሙቀትን መተላለፍ የሚያዘገይ ነገር ነው። በብርድ ወራት ፀሐይ በክፍሉ ያለውን አየር ታሞቃለች፤ የቤቱም ሙቀት በፍጥነት አይባክንም። በሙቀት ወራት ግን መዝጊያዎቹ ሲከፈቱ ነፋስ ይገባል።

እድሳቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። በሥራው ወቅት ነዋሪዎቹ ከቤታቸው አልተፈናቀሉም፤ ኪራይም አልተጨመረባቸውም። ጥሩ እድሳት ሕንፃውንም ነዋሪውንም የሚጠቅም ነው።

ሞክሩት፦ በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል መጠን ያለው ለብ ያለ ውኃ ጨምሩ። አንዱን ብቻ ክዳን ባለው ትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ከ20 ደቂቃ በኋላ የሁለቱንም ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ። የትኛው ይበልጥ ቀዘቀዘ? ለምን?