ለበጎ አድራጎት ፖከር ከተጠሩ

አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤትዎ ወይም ከልጅዎ ትምህርት ቤት እንዲህ የሚል ጥሪ ሊደርስዎ ይችላል፦ «ቅዳሜ ማታ የገቢ ማሰባሰቢያ የፖከር ውድድር አለ። መግቢያ 100 ዶላር።» ከካርታ ጨዋታ ኮንከርን ብቻ የሚያውቁ ቢሆንም እንኳ ይሂዱ ባይ ነኝ። አብዛኛው ተጋባዥ ከእርስዎ የተሻለ አያውቅም።

ቁማር አይደለም ወይ? ነው እንጂ። ለዚህም ነው ሕጉ ከግዛት ግዛት የሚለያየው። ዩታ ጭራሹኑ አይፈቅድም። ሚሺጋን ደግሞ በጎ አድራጊ ድርጅቶች ከግዛቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ ፈቃድ አውጥተው እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል። ሃይማኖትዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ቼክ ጽፈው ይላኩ፤ የሚቀየምዎ የለም።

ገንዘቡስ የት ይሄዳል? ይህን ሳይጠይቁ አይክፈሉ። ከመግቢያው ምን ያህሉ ለሽልማት፣ ምን ያህሉ ለድርጅቱ እንደሚውል ቀድሞ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ላስ ቬጋስ ውስጥ ለንጹሕ ውኃ በተዘጋጀው የዋን ድሮፕ ውድድር 48 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ገብተዋል። ለውኃው የሄደው ከእያንዳንዱ 111,111 ዶላር ነው፤ አሸናፊው አንቶኒዮ ኢስፋንዲያሪ ግን ከ18 ሚሊዮን በላይ ወስዷል። የሰፈሩ ውድድር ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው፦ ሽልማቱ ከሱቆች በስጦታ የተገኘ ዕቃ ይሆንና ጥሬ ገንዘቡ ለድርጅቱ ይቀራል።

ዋናው ገቢ ያለው ግን «ሪባይ» ላይ ነው። ጠጠርዎ (ቺፕ የሚባለው ክብ መጫወቻ) ሲያልቅ እንደገና ከፍለው የሚገቡበት መንገድ ነው። እኔ በተጫወትኩበት ጠረጴዛ አንዲት ነርስ ጠጠሯ ባለቀ ቁጥር እየሳቀች ቦርሳዋን ትከፍት ነበር። አዘጋጆቹ ከአሸናፊው ይልቅ እሷን ነው አቅፈው የሸኙት። እርስዎ ግን ስንት ጊዜ እንደሚከፍሉ ቤትዎ ሆነው ይወስኑ።

ጨዋታው ባብዛኛው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው ነው። ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ ጠረጴዛው መሃል መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ ካርታ ይገለጣል። ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያቀናጀ ያሸንፋል። በየመሃሉ በተራ ይወራረዳሉ። ካርታው ካላማረዎት ይጥሉታል፤ ይህ «ፎልድ» ይባላል። ጀማሪ ሊማረው የሚገባው ቀዳሚ ነገር እሱ ነው።

ታዲያ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ዝም ብዬ ብጠብቅስ? አያዋጣም። በየዙሩ ሁለት ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ በግዴታ ያስይዛሉ፤ «ብላይንድ» ይሉታል። ተራው እየዞረ እርስዎም ጋ ይደርሳል። መጠኑም በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ከፍ ይላል፤ ካለዚያ ጨዋታው ሌሊቱን ሙሉ አያልቅም። ምርጡ መነሻ ካርታ፣ ሁለት ኤስ፣ ደግሞ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው የሚደርስዎ። እሱን ሲጠብቁ ጠጠሩ ያልቃል።

ካርታዎን ከጠረጴዛው አያንሱት። በአንድ እጅዎ ከልለው በሌላው አውራ ጣት ጫፉን ብቻ ቀና አድርገው ይዩት። ጠጠር ሲያስይዙም ይጠንቀቁ። ሌላው 100 አስይዞ ሳለ እርስዎ ምንም ሳይናገሩ አንድ ባለ 500 ጠጠር ቢያስቀምጡ፣ መቶውን ብቻ እንዳስያዙ ይቆጠርና መልስ ይሰጥዎታል። መጨመር ካሰቡ ቀድመው «ራይዝ» ይበሉ። የተናገሩትን መመለስ ግን አይቻልም።

የከፈልኩት ከግብር ይቀነስልኛል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ አይ አር ኤስ ለሎተሪና ለቢንጎ የተከፈለን ገንዘብ፣ አዘጋጁ በጎ አድራጊ ቢሆንም፣ ልገሳ ነው ብሎ አይቀበልም። የማሸነፍ ዕድል ገዝተውበታልና። የፖከር መግቢያም በዚያው ዓይን ነው የሚታየው። ከመግቢያው ውጭ፣ ምንም ሳይቀበሉ በተለየ ቼክ የሰጡት ግን ልገሳ ነው፤ ደረሰኙን ይያዙ። ካሸነፉ ደግሞ ግብር አለበት። የደረሰዎ ቴሌቪዥን ቢሆን እንኳ የገበያ ዋጋው እንደ ገቢ ይታሰባል።