ደቻቱ የሄደው በራሱ መንገድ ነው

የድሬዳዋው ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ከዚራንና መጋላን በሚለየው በዚህ አሸዋ ላይ ሰው ይሻገራል፤ ገበያ ይቆማል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በዚያው ቁልቁል ወርዶ በእንቅልፍ ላይ የነበረውን ሕዝብ ጠረገው። ከ200 በላይ ወገኖች አለቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ያለ መጠለያ ቀሩ።

«የተፈጥሮ ቁጣ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን ዳገቱ ደኑ ተመንጥሮ ውኃ መያዝ ተስኖት ነበር፤ ከተማውም ያለ ፕላን ሲሰፋ ድሃው ቦታ ያገኘው ወንዙ ዳር ነው። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ ግን ፕላንን አይተካም።

ከባዕድ አገር ለወላጆቹ ቤት ማሠሪያ የሚልክ ወገን ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ዋጋ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ክረምት ሲገባ ቦታው የማን ነው?